ከክታቡ የወጣው ብረት

ያኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። አባቴ የሞተ ሰሞን ነው። ዕንባ አልመጣልኝም። ሰው ሲያለቅስ አያለሁ፣ ወንበር አቀብላለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ልቤ እንደ ደነዘዘ እግር ሆኖ ነበር፤ ቢቆነጥጡትም አይሰማ።

እናቴ ግን የሁለታችንንም ድርሻ አለቀሰች። ደረቷን ስትመታ ውላ በአንገቷ ያለው ክታብ ስፌቱ ተተረተረ። ከእኔ በፊት ሦስት ልጆች ቀብራለች። እኔን ያረገዘች ጊዜ አባቴ ሩቅ አገር ካለ ደብተራ ዘንድ ሄዶ፣ አራት ቀን ሰንብቶ ያመጣላት ክታብ ነው። እኔም ታናናሾቼም የተረፍነው በሱ ነው ትላለች። ስትታጠብ እንኳ አታወልቀውም። አውልቃ ስትሰጠኝ እጇ ባዶ አንገቷን ሲዳብስ ቀረ።

«አዘዞ ጫማ ሰፊ አይጠፋም፤ አሰፊልኝ። ውስጡን ግን እንዳታዪው» አለችኝ።

እኔ አልከፈትሁትም፤ እሱ ራሱ ተከፈተ። ከአዘዞ አጠገብ ፀዳ ያለው ቤቴ ገብቼ ቦርሳዬን ስፈታ ጣት የምታህል ብረት ዱብ አለች። ጥይት ትመስላለች፣ ጥይት ግን አይደለችም፤ መሐሏ ባዶ፣ ጫፏ እንደ ከንፈር ወጣ ያለ። ቆዳውን ገልብጬ አራገፍሁት። ብራና የለም፣ ጽሕፈት የለም፣ አቧራ ብቻ። ለጫማ ሰፊው ሳልሰጠው ቀረሁ። ብረት በያጁን ብጠይቀው የውሃ ሞተር ዕቃ ነው አለኝ። ጎረቤቴ ደግሞ የሽቶ ክዳን ናት ብላ ማለች። እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው፦ ለእናቴ ምን ብዬ ልመልስላት? ሠላሳ ስድስት ዓመት ጸሎት የሌለበት ነገር ታቅፋ ኖራለች።

አርባው ከወጣ በኋላ ወደ እናቴ ቤት፣ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ሄድሁ። የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ሁላችንም አያ የምንለው፣ በአባቴ ኑዛዜ መሠረት የአባቴን ጠመንጃ፣ ምንሽሩን፣ ሊረከብ መጥቶ ነበር። አያ በወታደርነቱ ዘመን መሣሪያ ጠጋኝ ነበረ። ጎደሎ ነገር አይወድም፤ አንድ ሰበዝ የጎደለው ሞሰብ አይቶ ምሳውን የሚተው ሰው ነው። ከጠመንጃው ጋር የነበረውን የቆዳ ከረጢት ጆንያ ላይ ዘርግፎ አንድ በአንድ ያስረዳኝ ጀመር። ይህ መወልወያው፣ ይህ የአፈ ሙዙ ክዳን። እኛ ልጆቹ የኩል ብልቃጥ ስንለው የኖርነው የዘይት መያዣው ኖሯል። «እንኳን ዓይናችሁን አላጠፋችሁ» ብሎ ሳቀብኝ። ቀጥሎ በከረጢቱ ጎን ወደተሰፋች ትንሽ ኪስ ጣቱን ሰደደ፤ ባዶ ናት።

«ቀለህ ማውጫዋስ የታለች?» አለ። ጥይት ተተኩሶ ቀለሁ፣ ባዶ ቅርፊቱ፣ ከጠመንጃው ውስጥ ተሰብሮ ሲቀር ጎትታ የምታወጣው እሷ እንደሆነች ነገረኝ። «ያለሷ ይህ ምንሽር ዱላ ነው። ጎደሎ አልወስድም።»

እናቴ ጓዳ ነበረች። ብረቷን ከቦርሳዬ አውጥቼ መዳፉ ላይ አኖርሁለትና ከየት እንደወጣች በሹክሹክታ ነገርሁት። ከከረጢቱ ትንሽ ኪስ ውስጥ ከተታት፤ ልክክ አለች።

«አባትሽ ሲደርስ ደብተራው ሞቶ ነበር» አለኝ አያ ቀስ ብሎ። «ያን ጊዜ ነግሮኝ ነበር። ባዶ እጁን መግባት ፈርቶ ኖሯል።»

እንደገና ብረቷን አውጥቶ ጨበጣት። እናቴም ብቅ አለች። አውጥቼ ጭኔ ላይ ያኖርሁትን የክታቡን ቆዳ አየችው። ምነው እስካሁን ሳላሰፋው እንደቀረሁ ጠየቀችኝ። ወደ አያ ዞረች።

«ጽሕፈቱ ተበላሸ እንዴ፣ አያ?»

«ምንም አልሆነ። ሸጋ ጸሎት ነው» አላት። «የባዳ እጅ አይንካው፤ እኔ እሰፋዋለሁ።»

ወስፌ አስመጣና ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ። ብረቷን ቆዳው ውስጥ ከትቶ በጅማት ሰፋት፤ ስፌቱንም ደገመው። በእናቴ አንገት ላይ ራሱ አሰረላት። ከዚያ ዕቃዎቹን ወደ ከረጢቱ መለሰ፣ ትንሿን ኪስ ባዶዋን ዘጋት፣ ምንሽሩን አንግቶ ወደ ቤቱ ሄደ።