ልጇ የሞላው ቅጽ

በካናዳ፣ ዊኒፔግ ከተማ ባለው ክሊኒካችን ጡንቻቸው ለሚመነምን ልጆች የጉርምስና ሆርሞን በመርፌ እየሰጠን ውጤቱን እናጠናለን። ልጁ ስለ ስሜቱ የሚጠይቀውን ቅጽ ሲሞላ ወላጅ ይወጣል። ዛሬ ልጇን ያመጣችው እናት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናት። የሥራ ሰደርያዋን እንደለበሰች ኮሪደሩ ላይ ቆማ ዚፑን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ቅጹን ይዤ ስወጣ ክንዴን ያዘችኝ።

«ሲስተር፣ በሽታው የት እንደሚያደርሰው አልነገርኩትም። ስለ ወደፊቱ ሲጠየቅ ምን ጻፈ?»

«ልነግርሽ አልችልም። ወረቀቱ የእሱ ነው።»

ልጁ በተሽከርካሪ ወንበሩ ተከተለኝ። «እማዬ፣ መርፌው ጢም ያበቅላል አሉ። ምላጭ ግዢልኝ።»

«ጢም አውጥተህ ማንን ልታስፈራራ ነው?» ብላ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን ከወረቀቱ አልተነቀለም።

ልጁ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሲስተር፣ የጻፍኩትን እንዳታሳዪያት። ትደነግጣለች።»

ሰማችው። ሳቋ መሃል ላይ ቆመ።