ጀርባ የማይሰጠው ተኳሽ

ጋሽ ሳህሌ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ውስጥ የታወቁ ጀግና ናቸው። ጀግንነታቸውን በዓይኑ ያየ ሰው የለም፤ ይህም ለጀግንነት በጣም ይመቻል። ድሮ በአየር ኃይል ሳሉ የቀላል ቦምብ ጣይ አውሮፕላን የኋላ ተኳሽ እንደነበሩ የዕድሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። አብራሪው ፊት ፊቱን ሲያይ፣ እሳቸው ከኋላው በመትረየስ የአውሮፕላኗን ጭራ ይጠብቁ ነበር። ለቅሶ ቤት ወሬው ቀዝቀዝ ሲል አንድ የጠላት አውሮፕላን ይጥላሉ። እስካሁን በጣሉት ብዛት ጠላት የተባለው አገር በእግሩ ነው መሄድ የነበረበት።

እውነቱ ሌላ ነው። ጋሽ ሳህሌ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። የኋላውን መትረየስ ጥይት ደርድረው ያጎርሳሉ፤ አውሮፕላኗ ስትነሣ ደግሞ መሬት ቆመው አቧራዋን ይበላሉ።

ጣጣውን ያመጣችው የልጅ ልጃቸው ወንጌላዊት ናት። ጎረቤት ከተማ ኤመሪቪል ቢሮ ውስጥ ትሠራለች፤ አያቷን የምታምነው ያለ ማስረጃ ነው። ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ አንድ ትንሽ ሙዚየም ሁለት ሰው የምትይዝ አሮጌ የጦር አውሮፕላን ማደሱን ሰምታ ስለ አያቷ ኢሜይል ላከችለት።

"አባባ፣ ሰርፕራይዝ! ቅዳሜ ኢንተርቪው ያደርጉዎታል፤ እዚያው የተኳሹ ወንበር ላይ።"

"ወገቤን ያመኛል፣ ልጄ።"

"ደግፈው ያወጡዎታል። ሻምበል ክንፉም ከሳን ሆዜ ይመጣሉ። የእርስዎ ፓይለት ነበሩ አይደል?"

ይኼን ጊዜ ጋሽ ሳህሌን ወገባቸውን የምር አመማቸው። ሻምበል ክንፉ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ቁርሳቸውን ምን እንደበሉ ይረሳሉ፣ ማን እንደበረረና ማን መሬት እንደቀረ ግን አይረሱም።

ቅዳሜ ደረሰ። ሻምበልን ሁለት ሰዎች እንደ ሙሽራ ደግፈው ፊተኛው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ቀጥሎ ጋሽ ሳህሌ ወጡ። መትረየሱን ሲያዩ እጃቸው በራሱ ሄዶ የጥይቱን ማጉረሻ ዳበሰው። የከበዳቸው ወንበሩ ነው። ወደ ጭራው የዞረ ነው፤ ከተቀመጡበት ጀርባቸውን ለሻምበል መስጠታቸው ነው። ለአለቃ፣ ለሽማግሌ፣ ያውም ከሳን ሆዜ ድረስ ለመጣ እንግዳ! ጋሽ ሳህሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ፊታቸውን ወደ ሻምበል ማጅራት አዙረው ወንበሩ ላይ ተንበረከኩ።

"ደኅና ነዎት፣ ሻምበል?"

አስጎብኚው ፈረንጅ ግራ ገባው። "ጌታዬ፣ መትረየሱ ከኋላዎ ነው" አለ። ወንጌላዊት ስልኳን ደግና እየቀረጸች ተረጎመችላቸው።

"አውቃለሁ። ሻምበል ላይ ጀርባዬን አላዞርም!"

"እና ያን ሁሉ ጦርነት እንዴት ፋይት አደረጉ?" አለች ወንጌላዊት።

ከፊተኛው ወንበር የሽማግሌ ድምፅ መጣ።

"ሳህሌ!"

"አቤት፣ ጌታዬ!"

"ከኋላዬ ስንት ጊዜ ተቀምጠህ ታውቃለህ?"

ጋሽ ሳህሌ የተደገነውን ስልክ አዩ። "ብዙ ጊዜ" ቢሉ ሻምበል ያሉበት ነው፤ እውነቱን ቢናገሩ ደግሞ ልጅቷ ትሰማለች። የጣሏቸው አውሮፕላኖች ሁሉ በአንዴ ተመልሰው የተነሡባቸው መሰላቸው።

"ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው፣ ሻምበል። ጥይት ነበር የማጎርሰው።"

ስልኩ ቀስ እያለ ወረደ። ወንጌላዊት መሬት መሬት አየች።

"እንኳን ጠላት፣ ወፍ ያልጣሉ ተኳሾች ነበሩኝ" አሉ ሻምበል ሳይዞሩ። "አንተ ያጎረስከው መትረየስ ግን አንድ ቀን ጥይት ነክሶ ቆሞብኝ አያውቅም። በል አሁን ዙርና ጀርባህን ስጠኝ፤ ፊት ፊቴን ልይበት።"

ጋሽ ሳህሌ እያቃሰቱ ዞሩ። ጀርባቸው ከሻምበል ጀርባ ጋር ተገጠመ።

ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ብቅ አለ። "አባባ" አለች ወንጌላዊት፣ "ከዚያ ምን ይታያል?"

ጋሽ ሳህሌ መትረየሱን ይዘው አነጣጠሩ።

"የሽንት ቤቱ በር" አሉ። "ዛሬ ሳይፈቀድለት የሚገባ የለም።"