ሞተሩን ለመለወጥ የተሸጠችው ጊደር

ከሚሴ መናኸሪያ አጠገብ ዘይት የምታቃጥል ባጃጅ ባለፈች ቁጥር ያ ሰማያዊ ጭስ አፍንጫዬ ውስጥ ይገባና፣ ጨፋ ሮቢት ከነበረው የአባቴ ወፍጮ ቤት ደጃፍ መልሶ ያቆመኛል። ደስ ብሎኝ አይደለም የማስታውሰው።

ወፍጮው የሚሠራው በናፍጣ ሞተር ነበር። በጥር፣ ማሽላው ተወቅቶ ሲገባ፣ ገበሬው ከማለዳ ጀምሮ በአህያ እየጫነ ይመጣ ስለነበር፣ አባቴ ማስነሻ ብረቱን፣ ማኖቬላውን፣ ይዞ ሲያሽከረክር እኔ ማዞሩ እንዲቀለው ከላይ ያለችውን ማንሻ ይዤ ቆሜ፣ «ልቀቂ» ሲለኝ እለቅ ነበር፤ ያኔ ሞተሩ ይነሣል። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ነው እንጂ ወዶ አላስጠጋኝም። ቢሆንም ድምፁን ከእሱ እኩል አውቀው ነበር።

በየካቲት ሞተሩ ደከመ፤ ጭሱም ሰማያዊ ሆነ። ጠዋት ይነሣና፣ ከጋለ በኋላ ከጠፋ አልነሣ እያለ ባለ እህሉን ያጉላላ ጀመር። ከማል የሚባል መካኒክ ከከሚሴ መጥቶ፣ ከላይ ፈትቶ ጥቂት ዘይት ሲሊንደሩ ውስጥ አፈሰሰና ማኖቬላውን ሲያዞር፣ ሞተሩ እጁን መልሶ ገፋው።

«አየህ፣ ዘይት ሲያገኝ ጉልበቱ ተመለሰ» አለው አባቴን። «ያለቀው ፋሻው ነው፣ ፒስተኑን የሚያቅፈው ቀለበት። እሱ ይለወጥ፤ ሌላው ደህና ነው።»

የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ሰይድ፣ ሳቀ። «ሬሳ ልታስነሣ ነው? ሰው መሳቂያ አድርጎናል። አዲስ ይገዛ።»

«በምን?» አለ አባቴ።

አጎቴ ወደ በረቱ አየ።

ጊደሯ የእኔ ነበረች። ቁርኣን ቀርቼ ጨርሼ ባኸተምኩ ቀን አባቴ ራሱ በሰው ፊት ገመዷን አስይዞኝ፣ «ያንቺ ናት» ብሎኝ፣ ሸህየውም ዱዓ አድርገውባት ነበር። እንዲህ የተሰጠ ነገር ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይነካም፤ ይህን ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቁታል።

«ከማል ይጠገናል ብሏል እኮ» አልኩ።

«ጨሊሲ» አለኝ አጎቴ በኦሮምኛ፤ ዝም በይ ማለቱ ነው። «ደግሞ አንቺም መካኒክ ሆንሽ?»

አባቴም ሳቀ። ፈቅደሻል ወይ ያለኝ አልነበረም። በገበያ ቀን ነድተው ወስደው ሸጧት።

ክረምቱ ሲገባ አዲሱ ሞተር ተተከለ፤ አሮጌውን አጎቴ «ለብረቱ ይሆነኛል» ብሎ ወሰደው። አዝመራው ሲደርስ ፋሻውን አስለውጦ፣ ከመንገዱ ማዶ በዚያው ሞተር የራሱን ወፍጮ ከፈተ፤ ልጆቹንም ያሳደገው በእሱ ነው። አባቴ ነገሩን እስኪሞት ድረስ አላነሣውም። እኔም ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ መቆሜን ተውኩ፤ የጠራኝም የለም።

ባለፈው በጋ አጎቴ ታሞ አስጠራኝ። ሄድኩ።

«ዘሃራዬ፣ ስለዚያች ጊደር አፉ በይኝ» ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ።

«ሞተሩ እንደሚጠገን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ልጆቹ ዙሪያውን ቆመው አፌን ያዩ ነበር። «አፉ ብያለሁ» አልኩና ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ።

በልጅነቴ ጊደሯ ተነድታ ስትሄድ፣ የማሽላ ከረጢት ላይ ተደፍቼ ድምፄ እስኪዘጋ አልቅሼ ነበር። አሁን ግን በሚኒባስ ወደ ከሚሴ ስመለስ፣ ጨፋ ሜዳ ላይ የተሰማራውን ከብት በመስኮት እያየሁ፣ ልቤም አፉ ይል እንደሆነ ጠበቅኩ። ምንም አላለም።