የአሥራ ሰባተኛው ጥቅል ጭራ

የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት የማይክሮፊልም ክፍል ምድር ቤት ነው ያለው። ሦስት የማንበቢያ ማሽኖች አሉት፤ አሉት ማለት ተቀምጠውበታል። የአንደኛው አምፖል ከተቃጠለ ዓመት አልፎታል። የሁለተኛው መስታወት ለሁለት ተሰንጥቋል። ሦስተኛው ይሠራል፣ እሱም ቢሆን ሲሞቅ እንደተቆጣ ሽማግሌ ያጉረመርማል። «ቆጣሪው» የሚሉት ሰው ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት፣ ከዚህ ማሽን ጋር ሲታገል አራተኛ ወሩን ይዟል።

ተማሪ እንዳይመስላችሁ። ስድሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ለውሃ መሥሪያ ቤት ቤት ለቤት እየዞረ የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ ቅጽል ስሙም ከዚያው ተለጥፎበት ቀረ። እዚህ ምድር ቤት የጣለችው እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት ትምህርቷን ጥላ ያሳደገችው፣ በስምንት ዓመት የምትበልጠው እህቱ፣ ኩላሊቷ ታሞ አልጋ ይዛለች። አንድ ቀን አጠገቧ አስቀምጣ፣

«አንተ ልጅ፣» አለችው። ራሱን ሽበት ወርሶትም ለእሷ ያው «አንተ ልጅ» ነው። «አባታችን የሞተበትን ቀን ሳላውቅ እንዳልሞት። ወረቀቱ ዩኒቨርሲቲ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። ቀኑን ፈልገህ አምጣልኝ።»

አባታቸውን የቅኝ ገዢው መንግሥት ወታደሮች ከቤት አውጥተው ሲወስዱት እሷ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ እሱ ገና በእናቱ ሆድ። ጥፋቱ ለመንገድ ሥራ በግድ አልወጣም ማለቱ ነው። በዚያው አልተመለሰም። እስር ቤት ሞተ ተባለ፣ ተለቀሰ፣ አለቀ። ቆጣሪው ፊቱን አይቶት በማያውቀው በዚህ አባት ሲኮራ ነው ያደገው። የጓደኞቹ አባቶች ሰክረው ሲገቡ፣ ሚስት ሲደበድቡ ባየ ቁጥር «የእኔ አባት እምቢ ብሎ ነው የሞተው» ይል ነበር።

ገዢዎቹ ሲወጡ መዝገባቸውን ጠራርገው ወሰዱ። ከብዙ ዓመት በኋላ ፊልም አንስተው ቅጂውን ላኩ፤ አርባ ስድስት ጥቅል። ወረቀቱ በሰው አገር፣ ጥላው በእኛ ምድር ቤት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼኔ ነው።

ለመግባትም ቀላል አልነበረም። የክፍሉ ኃላፊ ምንም ሲጠይቋት «ነገ ይምጡ» ስለምትል ቆጣሪው በሆዱ «ወይዘሮ ነገ» ብሎ ሰይሟታል።

«አባባ፣ ደብዳቤ ያስፈልግዎታል።»

«ከማን ልጄ?»

«ከሚያጠኑበት ክፍል።»

«እኔ የማጠናው አባቴን ነው።»

«እንደዚያ የሚባል ክፍል የለንም።»

ዱሮ የቤቱን የውሃ ቆጣሪ ያነብለት የነበረ አንድ መምህር ደብዳቤውን ባይጽፍለት ኖሮ ዛሬም በር ላይ በቆመ ነበር። ገብቶም ሥቃዩ አላበቃም። ፊልሙ ጥቁር፣ ጽሑፉ ነጭ፣ የጸሐፊዎቹ እጅ ደግሞ ዶሮ የጫረችው። የገዢዎቹን ቋንቋ በመሥሪያ ቤት ቅጽ ላይ የለመዳትን ያህል ነው የሚያውቃት፤ ቁጥር ላይ ግን ማን ይደርስበታል! ፊልሙን አገላብጦ ያስገባ ዕለት ሁሉም ነገር ተዘቅዝቆ ይወጣና ወይዘሮ ነገን መለመን አለበት። ሁለት ሰዓቷ ደግሞ ሽው ብላ ታልፋለች።

እንዲያም ሆኖ በሦስተኛው ሳምንት አሥራ ሰባተኛው ጥቅል ላይ አባቱን አገኘው። የእስረኞች መዝገብ ነው፤ ለአንድ እስረኛ አንድ ቅጠል። ቁጥር 412። ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ መንደሩ፣ ጥፋቱ፣ የገባበት ቀን፣ ሁሉም ልክ ነው። ቆጣሪው ከወንበሩ ተነሥቶ መልሶ ተቀመጠ። ከቅጠሉ ግርጌ «ጀርባውን ይመልከቱ» ይላል። የመውጫው ነገር፣ በሕይወት ይሁን በሞት፣ ቀኑ ጭምር፣ የሚጻፈው ከጀርባ ነው። መዘውሩን አዞረ። 413 መጣ። መለሰው፤ 412። አዞረው፤ 413። ፊልም አንሺዎቹ እዚህ በ412 ዙሪያ ያለውን ሁሉ ፊቱን ብቻ እያነሱ አልፈውታል! አንድ ሰው ቅጠል መግለጥ ስለሰለቸው የአንድ ሰው ሞት ቀረ። ምናልባት ወደ ታች ያገኘው እንደሆነ ብሎ «መጨረሻ» የሚል ጽሑፍ እስኪመጣ ድረስ ሄደ፤ የለም። ግድግዳው ላይ በወይዘሮ ነገ እጅ የተጻፈ ማስታወቂያ አለ፦ «መጨረሻ የሚል ሲያዩ ፊልሙን ወዲያው ወደ መጀመሪያው ይጠቅልሉ።» ጠቀለለ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። የሐኪሙን ሪፖርት አነበበ። የቀብር ትእዛዞችን አነበበ። የእስር ቤቱን የወር ሪፖርት ከዳር እስከ ዳር አነበበ። የእስር ቤቱ በቅሎ የሞተችበትን ቀን፣ ሰዓትና ምክንያት አገኘ፤ አራት ሰው ፈርሞበታል። የአባቱን ግን የለም። «ለበቅሎዋ አራት ፊርማ!» እያለ በአውቶቡስ ውስጥ ብቻውን ሲያወራ ሰው ወንበር ይለቅለት ጀመር። ቤት ሲደርስ እህቱ ከአልጋዋ ቀና ትልና «ቀኑ ተገኘ?» ትለዋለች። «ገና ነው እትዬ።» ከሳምንት ሳምንት ቀና የምትልበት ጉልበት ይቀንስ ነበር፤ እሱም ያንን እያየ በማሽኑ ላይ ጥርሱን ያፋጫል።

በአራተኛው ወር ማብቂያ፣ ሐሙስ ቀን፣ ዓመት ሙሉ የተጠየቀው አምፖል መጣ፤ የማሽን ጠጋኙም አብሮት። አምፖሉን ቀይሮ «እስቲ አንድ ፊልም አቀብሉኝ፣ ልሞክረው» አለ። ቆጣሪው እጁ ላይ ያለውን አሥራ ሰባተኛውን ሰጠው። ያንኑ የአባቱን ገጽ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ ሊያየው ነበር ያወጣው። ጠጋኙ ለጽሑፉ ደንታም የለው፤ መዘውሩን እያስሮጠ እስከ «መጨረሻ» አደረሰው።

«በቃ፣ ጠቅልለው፤ አልቋል» አለው ቆጣሪው።

ጠጋኙ ማዞሩን አልተወም። ጥቂት ባዶ ፊልም አለፈ፤ ከዚያ ገጾች እንደገና መምጣት ጀመሩ።

«አላለቀም እኮ አባባ።»

«መጨረሻ ይላል እኮ!»

«እሱማ ሲያነሱ የዘለሉትን ኋላ ያነሱትና ከጭራው ይቀጥሉታላ። በየጥቅሉ ያለ ነው።»

ቆጣሪው ወደ ወይዘሮ ነገ ዞረ። «ልጄ፣ አንቺ ይኼን ታውቂ ነበር?»

«የእርማት ገጾቹን? አዎ።»

«ታዲያ አራት ወር ሙሉ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«አልጠየቁኝማ አባባ። ማስታወቂያውንም የለጠፍኩት ሰው ጭራውን እየጎተተ ስለሚበጥስብኝ ነው።»

በጠና የታመመች እህቱን ቤት ጥሎ፣ ዓይኑ እስኪደክም የበቅሎ ሞት ሲያነብ የከረመው ለአንድ ክንድ ለማትሞላ ፊልም ነው! መጮህ ፈለገ፤ ግን ለመጮህም ጊዜ አልነበረም፤ ለአምስት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ይቀራል። ጠጋኙን አስነሥቶ ተቀመጠ። ጀርባዎቹ ተራ በተራ መጡ፤ 409፣ 410፣ 411።

የ412 ጀርባ ከሁሉም የጠራ ነበር። «ፍርዱን ጨርሶ ተፈታ» ይላል። ቀኑ አለ። የተረከበው ንብረት፣ አንድ ካፖርትና አንድ ቀበቶ። የአውራ ጣቱ አሻራ። ከሥሩ የሚሄድበት ቦታ ተጽፏል። መንደራቸው ከእስር ቤቱ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነበረች፤ የተጻፈው ግን የመንደራቸው ስም አይደለም። ሦስት ቀን መንገድ የሚርቅ የማዕድን ከተማ ነው። ያን ቀን ቆጣሪው ዓመት ከሁለት ወር የሆነው ሕፃን ነበር።

«አገኙት አባባ?» አለች ወይዘሮ ነገ። «እንኳን ደስ አለዎት።»

መንገዱን ሙሉ ደሙ እየፈላ ሄደ። በፊልም አንሺዎቹ ተናደደ፣ በማስታወቂያው ተናደደ፣ በገዛ ኩራቱ ተናደደ። ያ ሁሉ የሚያውቀው ስድብ በአባቱ ላይ ሲደርስ ግን ምላሱ ላይ አልወጣ አለ። አንድ ነገር ቆረጠ፤ እህቱ ይኼን አትሰማም። እስር ቤት ሞተ ይላታል፣ በቃ።

ገና ከበሩ ሲገባ «ተገኘ?» አለችው።

«ተገኘ እትዬ። እዚያው እስር ቤት ነው፤ በሽታ ነው የሚለው።»

«ቀኑስ?»

ውሸቱን መንገድ ላይ ሲያሰናዳ ቀን ማዘጋጀቱን ረስቷል። ከራሱ ቁጥር አፍልቆ ተናግሮ የማያውቅ ሰው ነውና አፉ ላይ የመጣለት ያው ያየው፣ የተፈታበት ቀን ነው። እሱኑ ነገራት።

እህቱ ጣቶቿን እያጠፈች ቆጠረች። አንዴ ቆጥራ አላመነችም፤ ደገመች። ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች፤ ደንግጦ ሲጠጋት ግን እየሳቀችም ነበር።

«ምን ሆንሽ እትዬ?»

«ለማንም ያልነገርኩት፣ ለእናታችንም ያልነገርኩት ነገር አለ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ከተማ ልካኝ መኪና ተራው ጋ አንድ ሰው አየሁ። ትከሻው ላይ ሕፃን ተሸክሟል። ‹አባዬ!› ብዬ ጮህኩ። ዞሮ አየኝ። አየኝ እኮ አንተ ልጅ፤ ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ ፊቱን መልሶ መኪናው ላይ ወጣ።» እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ይኸው እስከ ዛሬ፣ እሱ ነው እላለሁ፤ ደግሞ የሞተ አባቴን በሐሜት አነሣሁት ብዬ እጸጸታለሁ። ለካ ያኔ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎት ኖሯል! ሰው ተመሳስሎብኝ ነው።»

ቆጣሪው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አሁን የሚናደድበት ሰው ሁሉ ሩቅ ነው፤ እጁን ይዛ ዓይን ዓይኑን የምታየው እሷ ብቻ ናት።

«እሱ አልነበረም፣ አይደል?» አለችው።

«አልነበረም እትዬ» አላት።