የስፌት ቤቱ ምሳ

ስፌት ቤቱ ስገባ ለመቆየት አስቤ አልነበረም። አስራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ ወዲህ ሥራ መልቀቅ ልማዴ ሆኗል፤ ከካፌው ወጣሁ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱም ወጣሁ። አባቴ በውትድርና ሐረር ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ ዘመድ የለንም። እሱም እናቴም ካረፉ በኋላ የቀረችኝ ከጀጎል ውጭ የተከራየኋት አንድ ክፍል ናት።

ስፌት ቤቱ ያለው ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር የሚባለው ቦታ ነው፤ የስፌት መኪና ግራና ቀኝ የሚንጫጫበት ጠባብ መንገድ። ውስጥ አራት ሴቶች ነበሩ፣ ሁሉም ሙስሊሞች። ጨርቅ የሚቆርጡትን ትልቋን ሴትዮ እማማ እንላቸዋለን።

በመጀመሪያው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ መኪኖቹ አንድ ላይ ጸጥ አሉ። አራቱም ትሪ ከበቡ። ትሪው ላይ ሥጋ ነበር። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ እነሱ ያረዱትን አልበላም፣ እነሱም የእኛን አይበሉም። በዚህ ማንም አይቀየምም። ምሳ ዕቃዬን ይዤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ በላሁ። ሲሳሳቁ ከኋላዬ እሰማቸዋለሁ። ለብቻዬ መብላት ብርቄ አይደለም፤ ሰዎች አጠገብ ሆኖ ለብቻ መብላት ግን ሌላ ነው። በወሩ መጨረሻ እወጣለሁ አልኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ትሪው ላይ ሽሮ ሆነ። በማግስቱ ምስር፣ ከዚያ ድንች።

"ምን ግድግዳ ግድግዳ ታያለሽ? ያጎርስሻል?" አለችኝ ከጎኔ የምትሰፋው ልጅ።

ቀረብኩ። ሥጋው የቀረው ኑሮ ተወዶባቸው ነው ብዬ ነበር። እንዲያውም አንድ ቀን "እዚህ ቤት ከሽሮ ሌላ አታውቁም?" አልኩ።

"ሽሮ ዕድሜ ይጨምራል" አሉ እማማ።

"ለዚህ ነዋ እርስዎ አልሞት ያሉት" አለች ልጅቷ። እሳቸው ናቸው ከሁላችንም በላይ የሳቁት።

ሰዓት እያየሁ የምወጣው እኔ፣ የሰርግ ልብስ ሲበዛ የሌላዋን እጅጌ ሳልጠየቅ አንስቼ መስፋት ጀመርኩ። ደንበኛ "ይሄን ያጣመመው ማነው?" ብሎ ሲቆጣ የምትመልሰው ያጣመመችው አይደለችም፤ ለበሩ የቀረበችው ናት። አንድ ቀን የቀረብኩት እኔ ነበርኩ። ስፌቱ የእኔ አይደለም። "የእኛ ነው፣ ነገ ይምጡ" አልኩ።

ያም ሆኖ ለቀቅኩ። አዲሱ ከተማ ያለ ሆቴል አስተናጋጅ ፈልጎ ነበር፤ እግሬ ደግሞ አንድ ቦታ አይረጋም። እማማ "ኢንሻአላህ ይቅናሽ። ስታልፊ ግቢ" አሉኝ።

ሆቴሉ ምሳ ይሰጣል። ሁሉም በየተራው ቆሞ፣ ስልኩን እያየ ይበላል። የሌላ አስተናጋጅ ደንበኛ ሲጠራኝ "የእኔ ጠረጴዛ አይደለም" እላለሁ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ሰዓቴ ሲደርስ እወጣለሁ።

በቀደም የእረፍቴ ቀን በፈረስ መጋላ አደባባይ አድርጌ ቁልቁል ወረድኩ። ስፌት ቤቱ በር ስደርስ መኪኖቹ ጸጥ አሉ። ምሳ ነው።

"ማሻአላህ፣ ግቢ፣ ቅረቢ" አሉ እማማ። ልጅቷ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ልቀመጥ ስል ትሪውን አየሁ። ሥጋ ነው። ማየቴን አዩ።

"ዛሬ ብቻ ነው" አለች ልጅቷ ቶሎ ብላ።

ያኔ ገባኝ፤ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ እስክለቅ ድረስ፣ ለእኔ ሲሉ ሥጋ ትተው ነበር። አንድም ቀን አልነገሩኝም።

"በልቼ ነው የመጣሁት" አልኩ። ውሸቴን ነው። ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። እኔ ስላለሁ ነው መሰለኝ፣ ሳይስቁ በሉ። መኪኖቹ መንጫጫት ሲጀምሩ ተነስቼ ወጣሁ።