የዘጠኝ ሰዓቱ ንባብ

ባሌ የአየር ጠባይ ታዛቢ ነበር። ክልሉ ገና በተቋቋመበት ዘመን ከጎጃም ተመድበን አሶሳ ስንመጣ ብዙዎቹ መሥሪያ ቤቶች ወንበር እንኳ አልተሟላላቸውም። የእሱ ሥራ ግን ሙሉ ሆኖ ጠበቀው፤ በሽቦ የታጠረ ሣር ሜዳ፣ ሙቀት መለኪያዎች ያሉበት ነጭ የእንጨት ሳጥን፣ የዝናብ መለኪያ፣ አንድ መዝገብ። በየሦስት ሰዓቱ ሄዶ ያነባል፣ ይጽፋል። እኔ አንደኛ ደረጃ አስተምር ነበር።

ነጎድጓድ እንዴት እንደሚወለድ የነገረኝ እሱ ነው። ፀሐይ መሬቱን ታግላለች፣ የጋለው እርጥብ አየር ወደ ላይ ይወጣል። ሲወጣ ይቀዘቅዝና እርጥበቱ ጠብታ ይሆናል። ጠብታ ሲሆን ግን የያዘውን ሙቀት ይለቃል፤ ያ ሙቀት ደመናውን ይበልጥ ይገፋዋል። «ራሱን እየመገበ ያድጋል» ይለኝ ነበር። አናቱ አንጥረኛ ብረት እንደሚቀጠቅጥበት መስፍ ጠፍጣፋ ሲሆን ውስጡ በረዶና ውሃ ይፋተጋሉ፤ መብረቁ የሚመጣው ከዚያ ነው። ብልጭታውን ካየሽ ድምፁ እስኪሰማ ቁጠሪ አለኝ፤ ሦስት በቆጠርሽ ቁጥር አንድ ኪሎ ሜትር ነው።

አንድ ቀን ዝናብ ይዞት የዘጠኝ ሰዓቱን ንባብ ሳይወስድ ቀረ። መዝገቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በግምት ሊሞላ ሲል ደረስኩበት።

«ተማሪዎቼ ሲኮርጁ ከክፍል አስወጣቸዋለሁ» አልኩት። «አንተ ደግሞ ከማን ነው የምትኮርጀው?»

ሳቀ፤ ቦታውንም ባዶ ተወው። ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ሰዓት አላሳለፈም።

ያ የግንቦት ቀን ቅዳሜ ነበር። ምሳ በልተን ስንወጣ በመንጌ ወረዳ በኩል ደመናው ቆሟል፤ አናቱ ጠፍጣፋ ነው። ጎረቤታችን፣ የበርታ ሽማግሌ፣ አጥሩ ሥር ማንጎ ይለቅማሉ። መዝገብ የያዘውን ሁሉ ኡስታዝ ነው የሚሉት።

«ኡስታዝ፣ ዛሬ አትሂድ። ሰማይ ተቆጣ።»

«አባባ፣ ለምን እንደተቆጣ መጻፍ እኮ ነው ሥራዬ።»

«እሱ ማንበብ አያውቅ። ለማን ትጽፋለህ?»

ሁለቱም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ጣቢያው ከደጃፋችን ይታያል። ባሌ ሜዳው ላይ ሲደርስ ብልጭ አለ፤ ሃያ አንድ ቆጠርኩ። በሩን ከፍቶ ሲገባ፣ አሥራ ሁለት። ስሙን ጠራሁት። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወርዶ ኖሮ ድምፄን ራሴም አልሰማሁትም። ወደ ደጅ ወጥቼ ነጠላዬን አውለበለብኩ። ስድስት። ሳጥኑ ላይ ካጎነበሰበት ቀና ብሎ አየኝና እጁን አነሳ፤ «ቆይ፣ ልጨርስ» ማለቱ ነው። ያን የእጅ ምልክት አውቀዋለሁ፤ ምግብ ቀርቦ ስጠራውም እንዲሁ ነበር።

ብልጭታውና ድምፁ አብረው መጡ። የምቆጥረው ነገር አልነበረም።

ከአርባው በኋላ የሥራ ባልደረባው መዝገቡን ይዞ ቤት መጣ። ወረቀቱ ደርቆ ተጨማዷል። በዘጠኝ ሰዓት መስመር ላይ የሙቀቱ ቁጥር በእጅ ጽሑፉ ሰፍሯል፤ የዝናቡ ቦታ ባዶ ነው።

«ይህን ምን እናድርገው፣ እትዬ?» አለኝ።

በግምት ሙሉት ልለው አፌን ከፈትኩ። «ባዶውን ተዉት» ነው ያልኩት።