ቀለም ያልነካው አውራ ጣት

ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ፖሊሶች ሲይዙኝ ከስብሰባ እየወጣሁ ነበር። በስብሰባው የተናገርሁት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ ማንም ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከቤቱ አይባረርም። ይህን ለጀማሪ የሕግ ተማሪዎች አስተምረዋለሁ። በመዝገቡ ላይ ግን «ሕዝብን ማነሳሳት» ተብሎ ተጻፈ።

የገባሁበት ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ሳይሆን አይቀርም፤ ግድግዳው የሻገተ ማሽላ ይሸታል። ብርሃን የሚገባው ከፍ ብላ በተሠራች አንዲት መስኮት ነው። ከመስኮቷ ሥር የምትተኛው «ካቦ» የምንላት የክፍሉ አለቃ ነበረች፤ የኮንትሮባንድ ጨርቅ ይዛ የተያዘች፣ ድምፀ ጎርናና ሴት። እኔ እንግዳ ስለ ሆንሁ ከሽንት ባልዲው አጠገብ ተመደብሁ። ከጎኔ አንዲት የጀጎል አሮጊት ተቀምጠዋል።

«እርስዎስ በምን መጡ?» አልኋቸው።

«በቤቴ» አሉ።

ልጃቸውን ለማሳከም ከአንድ ነጋዴ ተበድረው ቤታቸውን ከነካርታው በመያዣ ሰጥተዋል። ውሉ በቀኑ ካልተከፈለ ቤቱ የአበዳሪው ይሆናል ይላል። ቀኑ አለፈ። የነጋዴው ሰዎች ሊያስወጧቸው ሲመጡ ደጃቸው ላይ ተቀመጡ፤ ይህም ሁከት ተባለ። ያን ዕለት ጠዋት መርማሪው አንድ አዲስ ወረቀት አሳይቷቸዋል፦ ቤቱን በፈቃዴ አስረክቤያለሁ የሚል። ጣታቸውን ካሳረፉበት ወዲያው ይፈታሉ። ከሰዓት በኋላ ለመልሱ ይጠራቸዋል።

«ካርታውን ከሰጠሁት ቤቱ የሱ ሆኗል፤ አይደል ልጄ?»

«አልሆነም፣ እማማ።»

ካቦዋ ከመስኮቷ ሥር ሳቀች። «አቦ ተይና! መሬቱ የመንግሥት፣ ካርታው የነጋዴው፤ ለሳቸው ምን ቀረ? አየሩ?»

«መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው» አልሁ። «ግንቡ፣ ጣሪያው፣ በሩ ግን የእሳቸው ነው። አንቺ ያን ቦታሽን በመያዣ ብትሰጪኝ...»

«ሞቼ ነው!»

«ብትሰጪኝም የምትተኚበት አንቺ ነሽ። ብድሬን ባትመልሺ እጅሽን ይዤ ላስነሳሽ አልችልም። ዳኛ ያዛል፣ ቦታው በሐራጅ ይሸጣል፣ የእኔን እወስዳለሁ፤ የተረፈው ላንቺ ነው።»

«ሐራጁን ማን ሊያሸንፍ?»

«ከባልዲው አጠገብ የምትተኛው።»

ሴቶቹ ሳቁ። አሮጊቷ አልሳቁም። «ውሉ ግን የሱ ይሆናል ይላል» አሉ።

«አስቀድሞ የተጻፈ እንዲህ ያለ ቃል ሕግ ፊት አይጸናም። ቢጸናማ ኖሮ ዛሬ የእርስዎን ጣት ለምን ይፈልጉታል?»

እጃቸውን ከሻሻቸው ሥር አውጥተው ለረጅም ጊዜ አዩት።

ቁጣዬ የመጣው ያን ጊዜ ነው። የመክፈያው ቀን ካለፈ በኋላ ባለቤቱ ወድዶ ቤቱን ለአበዳሪው ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ሕጉ ይህን አይከለክልም። ይህቺን ቀዳዳ የሚያውቃት ሕግ የተማረ ሰው ብቻ ነው። ወረቀቱን ያዘጋጀው እንደ እኔ የሕግ ትምህርት ቤት የተቀመጠ፣ «ፈቃድ ምንድን ነው?» የሚለውን የፈተና ጥያቄ ምናልባትም በትክክል የመለሰ ሰው ነው። ያንኑ ፈቃድ ፍለጋ የመጣው ግን ከሽንት ባልዲ አጠገብ ወደ ተቀመጡ አሮጊት ነው። ድንቁርና ቢሆን ይቅር ባልሁ ነበር።

«እምቢ ካልሁ አይፈቱኝም» አሉ።

«ምናልባት አይፈቱዎትም።» ልዋሻቸው አልቻልሁም።

«ዒድ ደርሷል እኮ።»

 

በሩ ተከፍቶ ተጠሩ። ሻሻቸውን አስተካክለው፣ «ቢስሚላህ» ብለው ወጡ።  ግድግዳ ከሚጋራን ከመርማሪው ቢሮ መጀመሪያ ለስላሳ ድምፅ፣ ቀጥሎ የጠረጴዛ ምት ተሰማ። ከዚያ የእሳቸው ድምፅ፦ «ዕዳዬን አልካድሁም። ዳኛ ይጥራኝ፤ ለዳኛ እመልሳለሁ። ለአንተ ግን ጣት የለኝም።»

ሲመለሱ አውራ ጣታቸውን አነሡልን። ቀለም አልነካውም።

ካቦዋ ፍራሿን ከመስኮቷ ሥር እየጎተተች ወደ ባልዲው አመጣችው። «እማማ፣ እዚያ ይተኙ» አለች፤ ዞራም ገላመጠችኝ፦ «በመያዣ አይደለም ደግሞ! ወላሂ፣ ሐራጅ የምትይ እንዳልሰማ።»

ዒድን እዚያው ዋሉ። እኔም ከእሳቸው ጋር ዋልሁ።

ከተፈታን በኋላ የቤቱ ክርክር ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው ነው። ይሸጥ ከተባለ በአደባባይ፣ በዳኛ ትእዛዝ ይሸጥ ይላሉ፤ የሚጠይቁት ይህንኑ ብቻ ነው። ጀጎል በገባሁ ቁጥር በራቸውን አንኳኳለሁ። ማን እንደ ሆንሁ ከኮቴዬ ያውቁታል፤ ቢሆንም «ማን ነው?» ይላሉ ከውስጥ። እስኪከፍቱልኝ ደጅ እቆማለሁ። መክፈትም አለመክፈትም ገና የእሳቸው ነው።